ጠ የተጻፈባቸው ቀናት

ኅዳር 16 ቀን 2086 ዓ.ም.፣ የመብራት ድልድሉን የሚያሳየው የገንደ ቆሬ ሰሌዳ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነጭ ሆነ። ሰሌዳው ነጭ ሲሆን ሰፈሩ በአንድ ትንፋሽ ይነሣል። ምድጃው፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ወፍጮው፣ የውሃ መሳቢያው፣ ምድር ቤት ያለው የአፈንዲ በረዶ ቤት፣ ሁሉም አብሮ ይጀምራል። የቀኑ ሦስት ማዕድ በስሎ የሚያልቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ፀጉር የሚቆረጠውም፣ ጥርስ የሚነቀለውም። በነጭ ሰዓት ለቅሶ የሚደርስ የለም። ሰው ቢሞት እንኳ ሰሌዳው ግራጫ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ሐዘንተኛውም ይህን ያውቃልና አይቀየምም።

ወይዘሮ ዘነበች ጉደታ ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት ነው። ይሁንና ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፣ ሠፈሩ ሁሉ «ዘኑ» ይላታል፤ እኛም እንደ ሠፈሯ እንጥራት። ዘኑ ያን ጠዋት ምስሯን ጥዳ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ደብዳቤ እንዳላት ነገራትና አነበበላት። ደብዳቤው ከመዝጋቢው ነበር። መዝጋቢው ሰው አይደለም፤ ግን ምንጊዜም በአንቱታ ነው የሚጽፈው።

«ክብርት ወይዘሮ ዘነበች ጉደታ። ከመስከረም 1 ቀን 2024 እስከ ጳጉሜ 5 ቀን 2054 ዓ.ም. በመልካ ጀብዱ የፀሐይ መለኪያ ጣቢያ በእጅዎ የሞሉት መዝገብ ተመርምሯል። ከ11,322 ቀናት ውስጥ በ11,311ዱ ትይዩ 'ጠ' ተብሎ ተጽፏል። 'ጠ' ማለት 'ጠፋ' ነው። መለኪያው በጠፋበት ቀን የተጻፈ ቁጥር የተፈጠረ ቁጥር ነው። ቀናቱ ኅዳር 30 ፀሐይ ስትጠልቅ ይሰረዛሉ። ቀሪዎቹ 11 ቀናት ጸንተዋል። ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን።»

ዘኑ ቢላዋውን አስቀመጠች። መጀመሪያ ሳቅ ሊመጣባት ነበር። ከዚያ «የተፈጠረ» የሚለው ቃል ደረሳት።

«እንደገና አንብብ» አለች። ድምፁ አነበበ። ምስሩ አረረ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ማለት ነው። ዘኑ ተቀጥራ መልካ ጀብዱ የሄደች ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ አራት ነበር። አገሩ በሙሉ መብራት መጣ፣ መብራት ጠፋ በሚልበት ዘመን፣ አሸዋ ላይ አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ ዘበኛና አንድ የፀሐይ መለኪያ ሰጥተው «ቁጥሩን ጻፊ» አሏት። የድሬ ሰው ሳቀባት። «ፀሐይ መኖሯን እንድታረጋግጪ ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ? እኛን ቢጠይቁን በነጻ እንነግራቸው ነበር» ይሏታል። ይባስ ብሎ ስሟ ዘነበች። እሷ ግን በየቀኑ ጻፈች። ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥም ጻፈች። የአዲስ አበባው ቢሮ ወረቀት መላክ ሲያቆም በስኳር ከረጢት ወረቀት ላይ ጻፈች። ዛሬ ድሬን የሚያበሉት ምስራቅ በኩል ያሉት የመስታወት ማሳዎች በሙሉ የተተከሉት በእሷ ቁጥር ተማምነው ነው።

አፈንዲ ደብዳቤውን የሰማው ከምድር ቤት ነው፤ የዘኑ ጆሮ ስለደከመ ድምፁ ሠፈር ያዳርሳል። ስልሳ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው ነው፤ ሽርጡን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ በረዶ የነካ እጁን እያራገፈ ደረጃውን ወጣ።

«አቦ ዘኑ፣ ሌባ ነሽ አሉሽ እንዴ?»

«ሌባስ በሆንኩ። ሌባ ያለ ነገር ነው የሚወስደው። የሌለ ፈጠርሽ ነው የሚሉኝ።»

«ታዲያ ይሰረዝ። ጡረታሽን አይንኩ። ምን ቸገረሽ?»

«የሰሌዳው ልክ በምን የተሠራ ይመስልሃል?» አለች። «ለየከተማው መብራት የሚደለደለው ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሬት ላይ በተለካ ፀሐይ ነው። የኔ መዝገብ ከተሰረዘ ለድሬ የደጋ ጣቢያ ቁጥር ነው የሚያለብሷት። የደመና አገር ቁጥር። ነጭ ሰዓታችን ከስድስት ሰዓት ወደ አራት ተኩል ይወርዳል።»

አፈንዲ በጣቱ ቆጠረ። ነጭ ሰዓት በአንድ ሰዓት ተኩል ካጠረ የላይኛው ሠፈር ውሃ መሳቢያ ከስምንት ሰዓት በኋላ አይሠራም፤ የእሱም በረዶ አይጠናም።

«ለመሆኑ 'ጠ' ምንድን ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ጠረግሁ።»

«ምኑን?»

ዘኑ አየችው። አፈንዲ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እሱም አያውቅም።

መዝገብ ቤቱ ከዚራ ሠፈር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ዘኑ በማግስቱ ግራጫ ሰዓት ላይ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በምርኩዟ ሄደች። የተቀበላት በእምነት የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልዘለለው ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም ነው። የእሱ ሥራ ባለጉዳይና መዝጋቢው ሲነጋገሩ መሃል መቀመጥ ነው። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት።

«ይቀመጡ፣ እማማ። እርስዎ ነዎት የመልካ ጀብዱዋ?»

«'እርስዎ'ን እዚያው አዲስ አበባ ተዋት። ድሬ ሙቀት ነው፣ አንቱታ አያቆይም።»

ሹሙ ፈገግ አለ፤ ግን «እርስዎ»ን አልተወም። ጠረጴዛው ላይ የደብተሯን ገጽ አወጣላት። ቀን፣ ቁጥር፣ ከጎኑ «ጠ»። ቀን፣ ቁጥር፣ «ጠ»። ከላይ እስከ ታች።

«መለኪያው ላይ የመስታወት ቆብ አለ» አለች። «አቧራ ይይዘዋል። በየጠዋቱ ፀሐይ ሳትወጣ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከጠረግሁ በኋላ 'ጠ' ብዬ እጽፋለሁ። ጠረግሁ ማለት ነው።»

በእምነት ትንሽ አሰበ። «መስታወት በጨርቅ ይጠረጋል?»

«ታዲያ በምን ይጠረጋል?»

«አይጠረግም። ራሱን ያራግፋል።»

እያሾፈ አልነበረም። እሱ የሚያውቀው መስታወት ሁሉ በየሰዓቱ እንደ በሬ ቆዳ ተንቀጥቅጦ አቧራውን የሚያራግፍ ነው። መስታወትን በእጅ መንካት ከተከለከለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በመዝጋቢው የሙያ ቃላት ዝርዝር ውስጥ «መጥረግ» የሚል ቃል የለም። «ጠ» ግን አለ። በዚያ በጨለማው ዘመን የአገሩ የመብራት ሠራተኛ ሁሉ በየደብተሩ «ጠ» ይጽፍ ነበር፤ ጠፋ ለማለት። መዝጋቢው አራት ሚሊዮን ገጽ አንብቦ ነው ፊደሏን የተማረው። ስህተቱ የመጣው ከትጋት ነው።

«ንገረው» አለች ዘኑ፣ በአገጯ ወደ ግድግዳው እየጠቆመች።

መዝጋቢው ራሱ መለሰ። «የባለጉዳይ ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«እሱ ግን አልዋሸም» አለች ወደ በእምነት ዞራ። «ቃሉን እኔ ነኝ የቆረጥኩት። የአራት ፊደል ቃል ነው፣ ሦስቱን ለቀለም ስል አስቀረሁ። ጸኑ ያላቸውን አሥራ አንድ ቀናት አሳየኝ።»

አወጣላት። ጥር 2033። ከ9 እስከ 19። ጽሕፈቱ የእሷ አይደለም። ሰባት ቁጥሩ እንደ መቆፈሪያ የተንጋደደ፣ ስድስት ቁጥሩ ሆዱ የተነፋ፤ የዘበኛው የቦሩ እጅ። ዘኑ ገጹን በጣቷ ነካችው።

ያን ጊዜ እናቷ ጭሮ ላይ ሞታ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ስትወጣ ቦሩን «ማታ ማታ ቁጥሩን አይተህ ጻፍልኝ» ብላዋለች። ጥረግ አላለችውም፤ እንባ ላይ ነበረች። ቦሩ ደግሞ አደራ የሆነ ዕቃ የማይነካ ሰው ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስትመለስ ቆቡ የተልባ ወጥ የተደፋበት መስሎ ጠበቃት። ምንም አላለችውም። ጠረገች፣ «ጠ» ጻፈች። በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣው አለቃ እነዚህን አሥራ አንድ ቀናት ሰርዘሽ በአማካይ ሙያቸው አላት። «ቦሩ ያየውን ነው የጻፈው፣ አልነካውም» ብላ ተጣላችው። ይሁን እንጂ ባየቻቸው ቁጥር ታፍርባቸዋለች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሥራዋን ያልሠራችባቸው ቀናት እነሱ ብቻ ናቸው። መዝጋቢው ያጸናላትም እነሱን ብቻ ነው።

«ቁጥሩን አንብብ» አለችው።

«5.88፣ 5.84፣ 5.80...» በእምነት ወደ ታች ወረደ። «የመጨረሻው 5.47።»

«በጥር ፀሐይ ወደ ላይ ነው የምትሄደው እንጂ ወደ ታች አትወርድም። ደመና ነበረ?»

መዝጋቢው የአውሮፕላን ማረፊያውን የሰማይ ዘገባ አገላበጠ። «አሥራ አንዱም ቀን ጥርት ያለ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወረደ?»

«ምክንያቱ አልታወቀም።»

«እኔ አውቀዋለሁ። እናንተ አምናችሁ ባጸናችሁት ቁጥር ላይ ነው የማወራው፣ በትዝታዬ አይደለም። ምክንያቱን ላሳያችሁ። ያንኑ መለኪያ ለአሥራ አንድ ቀን ሳይጠረግ አቁሙት። በአሥራ ሁለተኛው ጥረጉት። ከተመለሰ የጠረግሁት እኔ ነኝ።»

በእምነት ደንቡን አገላበጠ፤ ድጋሚ ልኬት ይፈቀዳል፣ ግን በዚያው ዕቃ መሆን አለበት። «ዕቃው የት እንዳለ...»

«እኔ ቤት ነው። ጡረታ ስወጣ ሸለሙኝ። ቆቡን ስኳሬን ከጉንዳን እከድንበታለሁ።»

መዝጋቢው ሁኔታዎቹን ዘረዘረ። መለኪያው በባለጉዳይዋ ሰገነት ላይ ይታሸጋል። የሚጠብቀው የካሜራ ዓይን ይተከልበታል። ማንም አይነካውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ቢያንስ ሁለት በመቶ ከፍ ካላለ አቤቱታው ይዘጋል።

ኅዳር 18 ማታ በእምነት መጥቶ አሸገ። የመጀመሪያው ልኬት ኅዳር 19፣ የመጨረሻው ኅዳር 29፤ የጥርጊያው ቀን ኅዳር 30፣ መዝገቡ የሚሰረዝበት ቀን ራሱ። ትርፍ ቀን አልነበራትም።

የመጀመሪያው ቀን 6.04 አለ።

ለዘኑ ከባዱ ነገር መጠበቁ አልነበረም፤ አለመጥረጉ ነው። ጡረታ ከወጣች ሠላሳ ሁለት ዓመት ቢሆናትም፣ መለኪያው ሰገነቷ ላይ በቆመ በማግስቱ እግሯ ከእንቅልፏ ቀድሞ ተነሣ። ፀሐይ ሳትወጣ ደረጃው ጫፍ ላይ ራሷን አገኘችው፤ እጇ ላይ የአቡጀዲ ቁራጭ አለ። ቆቡ ላይ ቀጭን ዱቄት የመሰለ ነገር አርፏል። እጇን አየችው። ከዚያ ደረጃውን ወርዳ አፈንዲን ቀሰቀሰች።

«እንካ፣ ይህን ጨርቅ ያዝልኝ።»

«ምን ላድርገው?»

«አትስጠኝ። ብለምንህም አትስጠኝ።»

አፈንዲ ጨርቁን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ወላሂ የሰው ዕድሜ ይገርማል» አለ። «ሌላው በሰማንያ ስድስቱ የጸሎት መቁጠሪያ ነው የሚይዘው።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ወደ ላይ እየወጣች አጠገቡ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ። ከሰገነቱ የመስታወት ማሳው ይታያል፤ በየሰዓቱ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ እንደ ሩቅ ዝናብ ነው። ዙሪያው ሰው የለም። በወጣትነቷ «አንድ ቀን ይህ አሸዋ በሙሉ ሥራ ይሆናል» ብላ ቦሩን ታስቀው ነበር። እሱ ደግሞ «ማነው የሚጠርገው ታዲያ?» ይላት ነበር።

በስድስተኛው ቀን አፈንዲ በረዶ ያለበት ውሃ ይዞላት ወጣ። ቁጥሩን ጠየቃት።

«5.99።»

«ትንሽ ነው?»

«ትንሽ ነው።»

ነገሩ ያላሰበችው ነበር። የ2033ቷ ድሬ አቧራ ነበረች፤ ጭነት መኪና፣ ጥርጊያ መንገድ፣ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የሚቆፈር አሸዋ። የዛሬዋ ድሬ መንገዷ ሁሉ የተለበጠ፣ ጭስ የሌላት ንጹሕ ከተማ ናት። ያን ንጽሕና ያመጣው እሷ የለካችው ፀሐይ ነው። አሁን ንጽሕናው ራሱ ማስረጃዋን ሊነሳት ነው።

አፈንዲ የተተከለው ዓይን እንዳይሰማው ይመስል ድምፁን ቀነሰ። «እኔ ምለው ዘኑ፣ ምንጣፌን ካራገፍኩት ሁለት ዓመት ሆነው። ደጄ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው። ሰው ምንጣፉን ቢያራግፍ ደንብ አይከለክልም።»

ዘኑ የላይኛውን ሠፈር፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ የሚደርቁትን ቧንቧዎች አሰበች። ምንጣፉ በቀይና ጥቁር የተሠራ፣ ወፍራም፣ አቧራ የጠገበ መሆኑን ታውቃለች።

«አቧራው የምንጣፍ ከሆነ» አለች፣ «ቁጥሩ የተፈጠረ ነው። ያኔ ደብዳቤው እውነት ይሆናል።»

«ማንም አያውቅም አቦ።»

«ቦሩ ማንም ሳያየው አሥራ አንድ ቀን ያየውን ጽፏል። መጻፍ የተማረው ከእኔ ነው። አሁን ምንጣፍህን አታውጣ።»

አፈንዲ ውሃውን አስቀምጦ ወረደ። ምንጣፉን አላራገፈም፤ በዚያ ሳምንት ደጁን እንኳ አልጠረገም።

ሰባተኛው ቀን 5.97። ስምንተኛው 5.96። ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ተስፋ ሰጠ፣ ግን አሸዋው ሳይደርስ ተኛ፤ 5.94። አሥረኛው 5.92። ኅዳር 29 ፀሐይ ስትጠልቅ ቁጥሩ 5.90 ላይ ቆመ። መዝጋቢው በዚያው ማታ አንድ አጭር ማሳሰቢያ ላከ፤ ቁልቁለቱ በወቅቱ መለወጥ የመጣ ሊሆን እንደሚችል።

«ወቅትማ በጨርቅ አይመለስም» አለች ዘኑ ለግድግዳው፤ ተኛችም።

ኅዳር 30 ጎሕ ሲቀድ በእምነት ሰገነቱ ላይ ነበር። ማኅተሙን ሲፈታ እጇን ዘረጋች፤ አፈንዲም ጨርቁን ከኪሱ አወጣ።

«አይሆንም» አለ በእምነት። «ባለጉዳይ አይነካም ይላል። የሚጠርገው ሹሙ ነው።»

ዘኑ እጇን ቀስ ብላ መለሰች። «ጠርገህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ከመሃል ጀምር። በክብ እያልክ ወደ ዳር። አትጫን፤ አሸዋ ስትጫነው ይቧጭራል። እፍ አትበል፣ ትንፋሽህ እርጥብ ነው፣ ይለጥፈዋል።»

በእምነት አቡጀዲውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የተኛ ሕፃን ፊት የሚጠርግ ይመስል ጀመረ። ሠላሳ ዓመት የተከለከለ ነገር ነው፤ ትከሻው ተወጥሯል። ጨርቁን ሲያነሣ መሃሉ ላይ ቡናማ ክብ ወጥቶበት ነበር። ክቡን አየው፣ ጣቱን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። በዚያው ጨርቅ ንጹሕ ጠርዝ እንደገና ጠረገ።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ተጠበቀ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ሰሌዳው ነጭ ሆነ፤ ሠፈሩ ተነሣ፤ በረዶ ቤቱ ጮኸ። በእምነት ወደ ቢሮው አልተመለሰም። ዘኑ ምስር ሠራች፣ ሦስቱም በሉ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ሰሌዳው ግራጫ ሆነና ከተማው ዝም አለ። ፀሐይ ከመልካ ጀብዱ ጀርባ ስትገባ ቁጥሩ 6.03 ላይ ቆመ።

በእምነት በልቡ አሰላና እንደገና አሰላ። «ሁለት ነጥብ ሁለት በመቶ» አለ።

መዝጋቢው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተናገረ። «'መጥረግ' የሚል ቃል በሙያ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። 'ጠ' በመልካ ጀብዱ መዝገብ 'ጠረግሁ' ተብሎ ይነበባል። 11,311 ቀናት ጸንተዋል። በዚሁ መሠረት መለኪያው ያልተጠረገባቸው 11 ቀናት ትክክለኛ ስላልሆኑ ይሰረዛሉ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

አፈንዲ ሊስቅ አፉን ከፍቶ፣ የዘኑን ፊት አይቶ ዘጋው።

«አይሰረዙም» አለች።

«ቁጥሮቹ ዝቅተኛ ናቸው» አለ መዝጋቢው።

«ዝቅተኛ ናቸው፣ ውሸት አይደሉም። እነሱ ባይኖሩ ዛሬ አንተ ምን ታውቅ ነበር? 'ሳይጠረግ የተለካ፣ ቦሩ ዋቆ' ብለህ ጻፍባቸው። እስክትጽፍ ከዚህ አልነሣም።»

ከእሷ ሰገነት ላይ ወዴት እንደምትነሣ መዝጋቢው አልጠየቀም። በእምነት ግን በሹምነቱ ያለውን ቁልፍ ተጠቅሞ አሥራ አንዱን ቀናት አወጣና ያለችውን ጻፈ። መዝጋቢው ተቀበለ።

የቀረው የዕለቱ መስመር ነው። ደንቡ በወረቀት ይጠይቃልና በእምነት ብዕር አወጣ። ኅዳር 30፣ 6.03 ብሎ ጻፈ። ከጎኑ ያለው ሣጥን ላይ ሲደርስ «ጠ» አለና ብዕሩን አነሣ።

ዘኑ ክንዱን ያዘችው።

«ቀለም አትቆጥብ፣ ልጄ። ሙሉውን ጻፍ።»

«ምን ልበል? ጠረገ? ተጠረገ?»

«ማነው የጠረገው?»

«እኔ።»

«ታዲያ እንዲያ ብለህ ጻፍ።»

አጎንብሶ ቀሪዎቹን ሦስት ፊደላት አንድ በአንድ ጻፋቸው። ከዚያ ቀና ሳይል ጠየቃት፣ «ነገ ጠዋትስ፣ ጨርቁ አንቺ ጋ ይደር ወይስ እኔ ጋ?»